ራቅ ያለ የገልፍ ከተማ የማስተማር ሥራ ሲመጣ፦ ትዳርና ልጆች ላላችሁ መምህራን፣ ከመፈረማችሁ በፊት

«መምህር፣ ከኤምሬትስ የሥራ ደብዳቤ መጥቶልኛል። ቦታው ግን ከአቡ ዳቢ በጣም ይርቃል አሉኝ። ባለቤቴና ሁለት ልጆቼስ? ልሂድ ወይስ ይቅርብኝ?»

ይህ ጥያቄ ክረምት በመጣ ቁጥር ስልኬ ላይ ይገባል። ስሙ ይለያያል፣ ከተማው ይለያያል፣ ጥያቄው ግን አንድ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው በድምፅ መልእክት ስመልስ ግማሹን እየረሳሁት ስለሆነ እዚህ በቅደም ተከተል ጻፍኩት።

«ሂዱ» ወይም «አትሂዱ» አልላችሁም። የምሰጣችሁ በሁለት ሳምንት ውስጥ ራሳችሁ መልስ ላይ የምትደርሱበትን አሠራር ነው። የምጽፈውም ስለ ተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስና ስለ ሳዑዲ ዓረቢያ የግል ትምህርት ቤቶች ነው። እኔ 5 ዓመት ያስተማርኩት በአቡ ዳቢ ምዕራብ፣ አል ዳፍራ በሚባለው አካባቢ ስለሆነ የኤምሬትሱን ይበልጥ አውቀዋለሁ። «እናንተ» የምለው ባልና ሚስቱን አንድ ላይ ነው። ይህን ሥራ አንዱ ብቻውን ሊሠራው አይችልም።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- የሥራ ደብዳቤው (ኦፈር ሌተሩ)፣ በወረቀት ታትሞ። በስልክ ስክሪን ሲነበብ የሚታለፍ መስመር ይበዛል።
- ያለፉት 3 ወራት የቤት ወጪ፣ በደብተር የተጻፈ። የቤት ኪራይ፣ አስቤዛ፣ የልጆች ክፍያ፣ ዕቁብ፣ ዕድር፣ ለወላጆች የሚሰጠው ሁሉ።
- የሁሉም ሰው ፓስፖርት፣ የጋብቻ የምስክር ወረቀትና የልጆች የልደት የምስክር ወረቀት።
- የልጆች የውጤት ካርድ፣ ቢያንስ የ2 ዓመት።
- ስልክ ላይ ካርታ።
- እዚያው ትምህርት ቤት የሚሠራ፣ ቤተሰቡን ይዞ የሚኖር የአንድ መምህር ስልክ ቁጥር። ትምህርት ቤቱን ጠይቁት። ለመስጠት ካንገራገረ ያንንም ደብተራችሁ ላይ ጻፉት።

1. ደብዳቤው እውነተኛ መሆኑን አረጋግጡ

ትምህርት ቤቱን ከላኪው ኢሜይል ላይ ሳይሆን ራሳችሁ ፈልጋችሁ አግኙት። በድረ ገጹ ላይ ባለው ስልክ ደውሉና «ይህን ደብዳቤ ልካችኋል ወይ?» በሉ። በአገር ውስጥ ኤጀንሲ በኩል ከሆነ ኤጀንሲው ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ፈቃድ እንዳለው ጠይቁ።

በኤምሬትስ ሕጋዊ ቅጥር የራሱ መንገድ አለው። የአገሪቱ የሠራተኛ ሚኒስቴር ያዘጋጀው መደበኛ የሥራ ውል ማቅረቢያ ቅጽ አለ። እሱን የምትፈርሙት ቪዛ ከመውጣቱ በፊት ነው። በኋላ የሚመጣው ኮንትራት ከእሱ ያነሰ ጥቅም ሊይዝ አይችልም። ይህን ቅጽ ሳታዩ ሥራ አትልቀቁ፤ ቃለ መጠይቁ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን።

ማስጠንቀቂያ፦ «ለቪዛ ማስኬጃ ይህን ያህል ላኩ» የሚል ሰው ከመጣ እዚያው አቁሙ። በኤምሬትስ ሕግ የቅጥር ወጪ የአሠሪው ነው፤ ከሠራተኛው መቀበል ክልክል ነው። «መጀመሪያ በጉብኝት ቪዛ ግቡ፣ እዚህ እናስተካክለዋለን» ቢሏችሁም እንዲሁ። በጉብኝት ቪዛ መሥራት ሕገወጥ ነው። ችግር ቢመጣ የምትከራከሩበት ኮንትራት በእጃችሁ አይኖርም።

2. ኮንትራቱን መስመር በመስመር አንብቡ

አብዛኛው ሰው ጠቅላላ ደመወዙን አይቶ ይደሰታል። እናንተ አምስት ነገር ፈልጉ።

መጀመሪያ መሠረታዊ ደመወዙን። «8,000 ድርሃም» የሚለው ብዙ ጊዜ ተሸንሽኖ ነው የሚመጣው፦ መሠረታዊ ይህን ያህል፣ የቤት አበል ይህን ያህል፣ የትራንስፖርት ይህን ያህል። ይህ ለምን ያስጨንቀናል? በኤምሬትስ ሥራ ስትለቁ የሚከፈለው የአገልግሎት ማብቂያ ክፍያ የሚሰላው በመሠረታዊው ብቻ ስለሆነ ነው። በኤምሬትስ ሕግ ቢያንስ 1 ዓመት የሠራ ሰው፣ ለመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት በየዓመቱ የ21 ቀን መሠረታዊ ደመወዝ ያገኛል። 3 ዓመት ብትሠሩ 63 ቀን ነው። መሠረታዊው 5,000 ከሆነ 10,500 ድርሃም ይደርሳችኋል። 3,000 ከሆነ 6,300 ብቻ። ጠቅላላ ደመወዙ ግን ሁለቱም ቦታ 8,000 ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛ፣ ስንት ወር እንደሚከፈል። ክረምቱን ደመወዝ የማይከፍል ትምህርት ቤት አለ። 12 ወር ነው ወይስ 10? በጽሑፍ ይኑር።

ሦስተኛ፣ የሙከራ ጊዜው። በኤምሬትስ ከ6 ወር መብለጥ አይችልም። በዚያ ጊዜ ውስጥ አሠሪው በ14 ቀን ማስታወቂያ ሊያሰናብታችሁ ይችላል። ሳዑዲ ውስጥ የሙከራ ጊዜ እስከ 180 ቀን ሊሄድ ይችላል። ይህን ቁጥር ያዙት፤ ደረጃ 4 ላይ እንፈልገዋለን።

አራተኛ፣ ቤቱን። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እኔ የወደቅኩበት ነው። ደብዳቤዬ «መኖሪያ ቤት ይሰጣል» ይል ነበር። እኔም ቤት ማለት ቤት መሰለኝ። ስደርስ ከሌላ መምህር ጋር የምጋራው ሁለት ክፍል ሆኖ አገኘሁት፤ ውሉም በትምህርት ቤቱ ስም ነው። ቤተሰብ ለማምጣት ግን በራስ ስም የተመዘገበ የኪራይ ውል ወይም ትምህርት ቤቱ የቤተሰብ ቤት መስጠቱን የሚያሳይ ሰነድ ይጠየቃል። ባለቤቴና ልጄ 11 ወር አዲስ አበባ የቆዩት በዚህች አንዲት መስመር ነው። ስለዚህ ጥያቄያችሁ «ቤት አለ ወይ?» አይሁን። «የቤተሰብ ቤት ነው? ስንት መኝታ አለው? ለቤተሰብ ቪዛ የሚሆን ሰነድ ትሰጡኛላችሁ?» በሉ።

አምስተኛ፣ ቤተሰብን የሚነካውን ሁሉ፦ የልጆች የትምህርት ክፍያ (ለስንት ልጅ? ሙሉ ነው ወይስ ቅናሽ?)፣ የአየር ቲኬት (ለእናንተ ብቻ ነው ወይስ ለቤተሰብም? በየዓመቱ ነው ወይስ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ?)፣ የጤና መድን። ያልተጻፈ ነገር የለም ብላችሁ ቁጠሩት። «እሱ የታወቀ ነው፣ አታስቡ» የሚል መልስ ክፍያ አይሆንም።

3. ከተማውን ከካርታ ላይ ኑሩት

«አቡ ዳቢ» የሚል ደብዳቤ የግድ አቡ ዳቢ ከተማ ማለት አይደለም። ግዛቱ ሰፊ ነው። ሩዌይስ ከዋና ከተማው ወደ 240 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ሲላ ደግሞ ከሳዑዲ ድንበር አጠገብ ነው። ሳዑዲ ውስጥ ሸሩራ የምትባል ከተማ ያለችው ከትልቁ የሩብ አል ኻሊ በረሃ ጠርዝ ላይ ነው።

የትምህርት ቤቱን ስም ካርታ ላይ ጻፉና ከዚያ እነዚህን ለኩ፦ ቅርቡ ሆስፒታል፣ የሕፃናት ሐኪም፣ ሱፐርማርኬት፣ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ፣ ሌሎች ኢትዮጵያውያን የሚኖሩበት ሰፈር። ርቀቱን በደቂቃ ጻፉት። ከዚያ «መኪና ከሌለን?» ብላችሁ እንደገና ጻፉት።

ምክንያቱ ይህ ነው። ዱባይ ያለ ሰው ሜትሮ አለው። በረሃ ውስጥ ያለች ትንሽ ከተማ ውስጥ ከግንቦት እስከ መስከረም ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ እየሆነ ሕፃን ይዞ በእግር መሄድ አይቻልም። ስለዚህ መኪና ቅንጦት መሆኑ ይቀራል። የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ እዚያ በቀጥታ አይቀየርም፤ እንደገና ተምሮ መፈተን ያስፈልጋል፤ ወጪውም በሺዎች ድርሃም ነው። ይህንን ደረጃ 5 ላይ ታስገቡታላችሁ።

የሳምንቱንም ቀን እዩ። ኤምሬትስ ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቅዳሜና እሑድን ታርፋለች፤ ዓርብ ግማሽ ቀን ነው። ሳዑዲ የምታርፈው ዓርብና ቅዳሜ ነው። እሑድ የሥራ ቀን ነው፤ ቤተ ክርስቲያንም የለም። እሑድ ማለዳ ቅዳሴ ለቤታችሁ ትልቅ ነገር ከሆነ ይህን ከመሄዳችሁ በፊት ተነጋገሩበት።

4. ከሦስቱ መንገዶች አንዱን ምረጡ

ብዙ ባልና ሚስት የሚጣሉት «እንሂድ ወይስ እንቅር» በሚለው ላይ ነው። ጥያቄው ግን ሁለት ሳይሆን ሦስት መልስ አለው፦

ሀ) ሁላችሁም በአንድ ጊዜ መሄድ።
ለ) አንዱ ቀድሞ ሄዶ፣ ቤተሰቡ በኋላ መከተል።
ሐ) አንዱ እዚያ፣ ቤተሰቡ አገር ቤት።

እኔ ያለማመንታት የምመክረው «ለ»ን ነው። ምክንያቱ የሙከራ ጊዜው ነው። በ6 ወር ውስጥ በ14 ቀን ማስታወቂያ ልትሰናበቱ የምትችሉ ከሆነ፣ የአዲስ አበባውን ቤት ለቅቃችሁ፣ ዕቃ ሸጣችሁ፣ ልጆችን ከትምህርት ቤት አስወጥታችሁ መሄድ ሁሉንም እንቁላል በአንድ ዘንቢል መጫን ነው። የሠራተኛው ቪዛ ሲሰረዝ በእሱ ሥር ያለው የቤተሰብ ቪዛም አብሮ ይሰረዛል። አራት ሰው በአንድ ጊዜ ሻንጣ ይዞ መመለስ ማለት ነው።

የጊዜ ሰሌዳውም ለዚህ ይመቻል። የኤምሬትስ ትምህርት የሚጀምረው በነሐሴ ሦስተኛ ወይም አራተኛ ሳምንት ነው። አንዳችሁ በነሐሴ ትሄዳላችሁ። የሙከራው ጊዜ በየካቲት ያልቃል። ልጆቹ አገር ቤት ዓመቱን በሰኔ ይጨርሳሉ። በክረምት ይከተላሉ፤ በነሐሴ ከሌሎቹ ልጆች ጋር እኩል ይጀምራሉ። ማንም ልጅ በዓመት መሃል አልተነቀለም።

የቤተሰብ ቪዛ መስፈርቱንም አሁኑኑ አመሳክሩ። በኤምሬትስ ስፖንሰር ለመሆን ቢያንስ 4,000 ድርሃም ደመወዝ፣ ወይም 3,000 ድርሃምና መኖሪያ ቤት ያስፈልጋል። ይህ ለወንድም ለሴትም ነው። ተቀጣሪዋ እናት ከሆነች ልጆቿን ስፖንሰር ለማድረግ የባሏን የጽሑፍ ፈቃድ ትጠየቃለች፤ አገር ቤት ሳላችሁ አዘጋጁት።

ማስጠንቀቂያ፦ «ቪዛውን አውጥተን ልጆቹ አገር ቤት ይቆዩ፣ ለዕረፍት ይምጡ» የሚሉ አሉ። በኤምሬትስ መደበኛ የመኖሪያ ቪዛ የያዘ ሰው ከ6 ወር በላይ ከአገሪቱ ውጪ ከቆየ ቪዛው ዋጋ ያጣል። የከፈላችሁት ገንዘብ ባከነ ማለት ነው።

5. ሒሳቡን ሁለት ጊዜ ሥሩ፤ ለብቻና ከቤተሰብ ጋር

ወረቀቱን ለሁለት ክፈሉት። ከታች ያሉት ቁጥሮች ስሌቱን ለማሳየት የጻፍኳቸው ናቸው፤ በራሳችሁ ቁጥር ተኩ። ደመወዝ 8,000 ድርሃም፣ ቤት በትምህርት ቤቱ፣ ሁለት ልጆች (የአንዱን የትምህርት ክፍያ ሙሉውን፣ የሁለተኛውን ግማሹን ትምህርት ቤቱ ይሸፍናል እንበል)።

ለብቻ፦ ምግብ 900፣ ትራንስፖርት 400፣ ስልክና ኢንተርኔት 300፣ ልዩ ልዩ 500። ድምር 2,100። ለቤት የሚላክ 2,500። የሚተርፍ 3,400።

ከቤተሰብ ጋር፦ ምግብ 2,400፣ መኪና 1,200፣ ስልክና ኢንተርኔት 500፣ የሁለተኛው ልጅ ግማሽ የትምህርት ክፍያ በወር ሲካፈል 1,000፣ የቪዛና የመድን ወጪ በወር ሲካፈል 500፣ ልዩ ልዩ 900። ድምር 6,500። ለወላጆች የሚላክ 800። የሚተርፍ 700።

በ3,400 እና በ700 መካከል ያለው 2,700 ድርሃም ነው። ይህ ቁጥር አብሮ የመኖር ዋጋ ነው። እዚህ ላይ ቆም በሉና ተያዩ። እኔ ከፍዬዋለሁ፤ አልቆጨኝም፤ ልጄ በየማታው እያየችኝ ነው ያደገችው። ቤት ለመጨረስ ወይም ዕዳ ለመክፈል ለሁለት ዓመት ብቻ የምትሄዱ ከሆነ ግን መልሳችሁ ሌላ ሊሆን ይችላል። ዋናው ነገር ዋጋውን አውቃችሁት መክፈላችሁ ነው። ብዙ ሰው የ«ለብቻ»ውን ሒሳብ ሠርቶ በ«ከቤተሰብ ጋር» ይኖራል። ከዚያ በስድስተኛው ወር «ገንዘቡ የት ሄደ?» ጭቅጭቅ ይጀመራል።

በሒሳቡ ውስጥ እነዚህ ብዙ ጊዜ ይረሳሉ፦

- የሚቀረው ደመወዝ። ባለቤታችሁ አገር ቤት የምትሠራ ወይም የሚሠራ ከሆነ ያ ገቢ ይቆማል። ከቤተሰብ ጋር በሚለው ዓምድ ላይ ቀንሱት።
- የሳዑዲ የተከታይ ክፍያ። በግል ድርጅት የሚሠራ የውጭ ሰው ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል በወር 400 ሪያል ይከፍላል። ለሚስትና ለሦስት ልጆች በወር 1,600፣ በዓመት 19,200 ሪያል ነው። የሚከፈለውም ኢቃማ (የሳዑዲ የመኖሪያ ፈቃድ) ሲታደስ ነው። ይህንን ሳያውቁ ሄደው ዓመት ሳይሞላ ቤተሰባቸውን የመለሱ ሰዎች አውቃለሁ።
- የመጀመሪያዎቹ 45 ቀናት። የመጀመሪያው ደመወዝ እስኪገባ የምትኖሩበት ገንዘብ ይዛችሁ ሂዱ።

የቤተሰብ ገቢውን በድርሃም ወይም በሪያል አስሉ እንጂ በብር አትጀምሩ። ሁለቱም ገንዘቦች ለዶላር የተመን ቁርኝት አላቸው፤ ብር ግን ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ በገበያ ይወሰናል። የዛሬውን ምንዛሪ ይዛችሁ የሦስት ዓመት ዕቅድ ብታወጡ፣ የአገር ቤት ዋጋም አብሮ ስለሚሄድ ቁጥሩ ያታልላችኋል። የሚላከውንም ገንዘብ በባንክ ላኩ፤ አንድ ቀን ለብድርም ሆነ ለቤት ግዢ ማስረጃ ይሆናችኋል።

6. የልጆቹን ክፍል ቁጠሩ

ይህ ደረጃ በቁጥር ያልቃል። ልጃችሁ ስንተኛ ክፍል ነው? የምትቆዩትስ ስንት ዓመት ነው? ሁለቱን ደምሩና ሲመለስ ስንተኛ ክፍል እንደሚሆን እዩ።

አገር ቤት የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና፣ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና አለ። ልጁ ከፈተናው አንድ ዓመት በፊት ወይም በፈተናው ዓመት የሚመለስ ከሆነ ይቸገራል። በተለይ አማርኛ ማንበብና መጻፍ ካቆመ። 2ኛ ክፍል ሄዶ 4ኛ ክፍል መመለስ ይቀላል። 9ኛ ክፍል ሄዶ 11ኛ መመለስ ግን ከባድ ነው። 10ኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ያላችሁ ከሆነ እኔ ወይ እዚያው እስከ 12ኛ እንዲጨርስ የሚያደርግ ኮንትራት ፈልጉ፣ ወይም መንገድ «ሐ»ን አስቡ እላለሁ።

በኤምሬትስ የግል ትምህርት ቤቶች አረብኛ ግዴታ ነው፤ አረብ ላልሆኑ ልጆችም ጭምር። መጥፎ ነገር አይደለም። ግን እንግሊዝኛው ገና ያልጠነከረ ልጅ ላይ በአንድ ጊዜ ሁለት ቋንቋ ይጫናል። ከመሄዱ በፊት ባለው ክረምት የአረብኛ ፊደል ብታስጀምሩት ይቀለዋል።

ከአሁኑ ትምህርት ቤት ስትለቁ መሸኛውንና ትራንስክሪፕቱን ማኅተም አስደርጋችሁ ያዙ። «በኋላ እንልካለን» አትበሉ። የአማርኛ የመማሪያ መጽሐፍ በየዓመቱ አንድ ሻንጣ ውስጥ ይግባ። በቀን 20 ደቂቃ ይበቃል።

7. የማይሠራው ሰው ቀኑን እንዴት እንደሚያሳልፍ ጻፉ

ተቀጣሪው ትምህርት ቤት አለው፣ ባልደረባ አለው። ከቤት የሚቀረው ሰው ግን በረሃ መሃል ባለ ቤት ውስጥ፣ መንጃ ፈቃድ ሳይኖረው፣ ጎረቤቱን ሳያውቅ ነው የሚውለው። ከርቀት ከሚመለሱ ቤተሰቦች እንዳየሁት ነገሩ የሚበላሸው በዚህ በኩል ነው፤ በደመወዝ አይደለም።

ስለዚህ አንድ ተራ ቀን፣ ለምሳሌ ማክሰኞን ውሰዱ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ማታ 3 ሰዓት ድረስ በየሰዓቱ ማን ምን ያደርጋል? ልጆቹን ማን ያደርሳል? ቡና ከማን ጋር ይጠጣል? መልስ የሌለው ሰዓት ከበዛ ከመሄዳችሁ በፊት መፍትሔ ፈልጉለት።

በኤምሬትስ በባል ወይም በሚስት ቪዛ ያለ ሰው ሥራ ካገኘ አሠሪው የሥራ ፈቃድ ያወጣለታል። ሁለታችሁም መምህራን ከሆናችሁ ለትምህርት ቤቱ በግልጽ ንገሩት። ራቅ ያሉ ትምህርት ቤቶች መምህር ማግኘት ይቸግራቸዋል፤ ባልና ሚስት መቅጠር ለእነሱም ይጠቅማል። ይህንን ሳይጠይቁ የሚያልፉ ብዙ ናቸው።

መንገድ «ሐ»ን የመረጣችሁ ደግሞ የጥሪውን ነገር አስቀድማችሁ ፍቱ። ኤምሬትስ ውስጥ በዋትስአፕ የድምፅና የቪዲዮ ጥሪ አይሠራም፤ እንደ ቦቲም ያለ የተፈቀደ መተግበሪያ ትጠቀማላችሁ። አገር ቤት ባሉት ስልኮች ላይ ጫኑትና ከመሄዳችሁ በፊት ለእማማም ጭምር አሳዩዋቸው። የሰዓት ልዩነቱ አንድ ሰዓት ብቻ ነው፤ ሳዑዲ ደግሞ ከእኛ ጋር እኩል ነው። የልጆች የመኝታ ሰዓት ላይ ቋሚ ጥሪ አድርጉ።

8. አገር ቤት የምትተዉትን ዝጉ ወይም ለሰው ስጡ

- ሥራ፦ መልቀቂያ ከማስገባታችሁ በፊት ያለ ደመወዝ ፈቃድ ይሰጥ እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁ። የጡረታ መብት ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎት ያስፈልጋል። 8 ወይም 9 ዓመት ላይ ያላችሁ መምህራን ይህን ሳታሰሉ አትልቀቁ።
- ውክልና፦ ለቤት፣ ለባንክና ለልጆች ጉዳይ ከሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት። በየጉዳዩ የተወሰነ ይሁን። ሁሉን የሚያደርግ ሰፊ ውክልና ለወንድምም ቢሆን አትስጡ።
- ዕቁብ ከደረሳችሁና ገና የምትከፍሉ ከሆነ ተያዥ የሆነውን ሰው ሳታሳውቁ አትሂዱ።
- ዕድር፦ መዋጮውን ማን እንደሚከፍልና በቦታችሁ ማን እንደሚገኝ ለዕድሩ ንገሩ። ወላጅ አገር ቤት ያለው ሰው ዕድሩን ማቋረጥ የለበትም።
- ወላጆች ቢታመሙ ማን ሆስፒታል ይወስዳል? የአንድ ሰው ስም ጻፉ። ያ ሰውም መስማማቱን ጠይቁ።

9. ለትምህርት ቤቱ አንድ ኢሜይል ላኩ

ጥያቄ እያንጠባጠባችሁ አትላኩ። ከደረጃ 2 እስከ 7 የተሰበሰበውን በአንድ ኢሜይል፣ በቁጥር አድርጉት። ይዘቱ እንዲህ ይሁን፦ «ለሰጣችሁኝ ዕድል አመሰግናለሁ። ውሳኔዬን ከቤተሰቤ ጋር ለመወሰን የሚከተሉትን በጽሑፍ ብትመልሱልኝ፦ 1. መሠረታዊ ደመወዜ ስንት ነው? 2. ክፍያው 12 ወር ነው? 3. ቤቱ ለባለቤቴና ለሁለት ልጆቼ ይሆናል? ለቤተሰብ ቪዛ ሰነድ ትሰጣላችሁ? 4. ለስንት ልጅ ትምህርት ትሸፍናላችሁ? 5. የቤተሰቡን ቪዛ፣ ቲኬትና መድን ማን ይከፍላል? 6. ቤተሰቡን ይዞ የሚኖር አንድ መምህር ማነጋገር እችላለሁ?»

መጠየቅ ያሳፍራል ብላችሁ አትፍሩ። ደህና ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ኢሜይል ሲያይ ቆይታ የሚፈልግ ሰው መሆኑን ይረዳል። ሥራውን የሚነጥቃችሁ ከሆነም ቤተሰብ ይዛችሁ የምትሄዱበት ቦታ አልነበረም።

10. ወረቀቱን በትክክለኛው ቅደም ተከተል አስኪዱ

የዲግሪ ማረጋገጫው ይቅደም፤ ከሁሉ የሚረዝመው እሱ ነው። ዲግሪው በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን፣ ከዚያ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ከዚያ በአገሪቱ ኤምባሲ ይረጋገጣል። የጋብቻና የልደት የምስክር ወረቀቶቹም ተተርጉመው ተመሳሳይ መንገድ ይሄዳሉ። ቤተሰቡ ከዓመት በኋላ የሚከተል ቢሆንም አብራችሁ አስጨርሱ። ተቀጣሪው ከሄደ በኋላ በውክልና ማስኬድ እጥፍ ጊዜ ይወስዳል።

ከወንጀል ነፃ መሆንን የሚያሳየውን የፖሊስ ማስረጃ ግን መጨረሻ ላይ አውጡ፤ ቀኑ ከቆየ አይቀበሉትም። በሁሉም ሰነድ ላይ የስም ፊደል አጻጻፍ ከፓስፖርቱ ጋር አንድ መሆኑን ፊደል በፊደል አመሳክሩ። በአንድ ፊደል ልዩነት ፋይሉ ይመለሳል።

ማስጠንቀቂያ፦ ኦሪጅናል ዲግሪና ፓስፖርት ለማንም «ለማስቀመጥ» አትስጡ። በኤምሬትስ አሠሪ የሠራተኛን ፓስፖርት መያዝ አይፈቀድለትም። ለቪዛ ከወሰደ በኋላ መልሱልኝ ማለት መብታችሁ ነው።

11. የመመለሻ መስመራችሁን ጻፉ፣ ከዚያ መልስ ስጡ

ከመፈረማችሁ በፊት፣ ገና ልባችሁ ሳይሞቅ፣ በአንድ ገጽ ላይ ሦስት ነገር ጻፉ። ምን ቢሆን እንመለሳለን? (ለምሳሌ ደመወዝ 2 ወር ቢዘገይ፤ ልጁ በዓመቱ መጨረሻ ካልተላመደ፤ የቤተሰብ ቪዛው በ12 ወር ውስጥ ካልወጣ።) ለመመለሻ ቲኬት የሚሆን ገንዘብ የት ተቀምጧል? በስንተኛው ወር ቁጭ ብለን እንደገና እንነጋገራለን? እኔ 6ኛውንና 12ኛውን ወር እመርጣለሁ፤ የመጀመሪያው ከሙከራ ጊዜው፣ ሁለተኛው ከኮንትራት እድሳቱ ጋር ይገጥማል።

ሁለታችሁም ፈርሙበት። አንደኛው ቅጂ አገር ቤት ይቅር፣ አንደኛው ሻንጣ ውስጥ ይግባ። የተፈረመውን የሥራ ውልም ፎቶ አንስታችሁ በባለቤታችሁ ስልክና በኢሜይል አስቀምጡ። ከዚያ በ10 ቀን ውስጥ ለትምህርት ቤቱ መልሳችሁን፣ አዎም ሆነ አይ፣ በጽሑፍ ላኩ። የእምቢታውንም ኢሜይል በጨዋ ቃል ጻፉት፤ በሚቀጥለው ነሐሴ የቤተሰብ ቤት ይዘው ሊመጡ ይችላሉ።